የተለቀቀ ፕሮግራም ይመለሳልን? የሶፍትዌር ሥራ መሣሪያዎች በንጽጽር

ዓርብ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ በአገራችን የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ያልተለመደ ግርግር ታየ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ይፈቅድ ስለ ነበር፣ ወሬው ከመኝታ ክፍል ወደ መኝታ ክፍል እየተዛመተ ብዙ ተማሪዎች በኤቲኤም ማሽኖች ፊት ተሰለፉ። ባንኩ በኋላ በሰጠው መግለጫ ክስተቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሥርዓቱ ላይ ይደረግ ከነበረ የማሻሻያና የፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታወቀ፤ ያላግባብ የወጣውም ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ገለጸ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ በማስታወቂያ ጠየቁ፤ ብዙውም ተመለሰ።

ውድ አንባቢ፣ ይህን የምናስታውሰው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ክስተቱ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ስለሚያስነሣ ነው። በሥራ ላይ ያለን ሶፍትዌር ስናሻሽል ስሕተት ቢፈጠር ጉዳቱ ምን ያህል ይሆናል? ጉዳቱንስ ለመቀነስ ምን መሣሪያ አለን? በትምህርት ክፍል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምንማረው ፕሮግራም መጻፍን ነው። ከመጻፍ ቀጥሎ ግን መጠበቅ፣ መፈተሽ፣ ለተጠቃሚ መልቀቅ፣ ሲበላሽም ወደ ደኅናው መመለስ ይመጣል። ለእነዚህ ሥራዎች የተዘጋጁ መሣሪያዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ «የቱን እንምረጥ?» የሚለው ጥያቄም ከተማሪዎች ደጋግሞ ይቀርብልናል። በዚህ ጽሑፍ ዋና ዋናዎቹን በአንድ ቀላል ስሌት እየመዘንን እናነጻጽራለን።

ምሳሌያችን፦ አንድ የአብነት መደብር

ነገሩን ከባንክ ወደ ገበያ እናውርደው። ከሰባተኛ ወደ ልደታ በሚወስደው የቀላል ባቡር መሥመር ላይ አብነት የሚባል ጣቢያ አለ፤ ስሙም የሠፈሩ ስም ነው። አብነት ማለት ምሳሌ ማለት እንደ መሆኑ፣ እኛም ለምሳሌ የሚሆነንን መደብር በዚሁ የመርካቶ ሠፈር አቋቁመናል። መደብሩ ምናባዊ ነው፤ ጠባዩ ግን የመርካቶን ንግድ ለሚያውቅ ሁሉ እንግዳ አይሆንም።

መደብሩ ሳሙናና የምግብ ዘይት በጅምላ ያከፋፍላል። ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ደንበኞች ዕቃውን በዱቤ ወስደው ዕዳቸውን ቀስ በቀስ ይከፍላሉ። ስምንት ሻጮች አሉት። ሁለት ወጣት ምሩቃን በስልክ የሚሠራ የዱቤ መዝገብ አዘጋጅተውለታል፤ ሻጩ ክፍያ ሲቀበል በስልኩ ይመዘግባል፣ ስልኩም መረጃውን በጓዳ ወዳለው ኮምፒውተር ይልካል። ወጣቶቹ አንድ ቀን የተሻሻለ ሥሪት አወጡ። በአዲሱ ሥሪት ኔትወርክ ሲቋረጥ ስልኩ ክፍያውን እንደገና ይልካል። ሐሳቡ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው መልእክት ደርሶ ማረጋገጫው ብቻ በመንገድ ከጠፋ፣ ያው ክፍያ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፤ 5,000 ብር የከፈለ ደንበኛ ከዕዳው 10,000 ብር ይቀነስለታል። በወጣቶቹ ጠረጴዛ ላይ ኔትወርኩ ስለማይቋረጥ ስሕተቱ አልታያቸውም።

የመደብሩ ባለቤት በሁለተኛው ቀን ማታ ሒሳብ ሲያመሳክሩ ጉድለቱን ደረሱበት። ወጣቶቹን ጠርተውም፣ «ልጆቼ፣ ነገሩን ከትናንት ወዲያ ወደ ነበረበት ትመልሱልኛላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ቀሪው ጽሑፋችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ይፈልጋል።

አራት ቁጥሮች

ፊዚክስ አንድን ውስብስብ ነገር ወደ ጥቂት የሚለኩ መጠኖች መክፈልን ያስተምራል። ከአንድ ልቀት የሚጠበቀውን ጉዳትም እንደሚከተለው ልንጽፈው እንችላለን፦

የሚጠበቅ ጉዳት = ዕድል × ስፋት × ፍጥነት × ጊዜ

ዕድል ስንል ስሕተት ያለበት ሥሪት ሳይታወቅ የመለቀቁ ዕድል ነው። ስፋት ስሕተቱ የሚደርስባቸው ተጠቃሚዎች ብዛት ነው። ፍጥነት በአንድ ተጠቃሚ በኩል በሰዓት የሚደርሰው ጉዳት ነው። ጊዜ ደግሞ ሥሪቱ ከተለቀቀበት አንሥቶ ወደ ደኅናው እስከተመለሰበት ያለው ነው።

ስሕተቱ ተለቅቋል ብለን የአብነቱን መደብር እናስላ። አንድ ሻጭ በሰዓት ስድስት ክፍያ ይቀበላል፤ ከነዚህ ሁለቱ ይደገማሉ፤ የአንዱ ክፍያ አማካይ 5,000 ብር ነው እንበል። ፍጥነቱ በአንድ ሻጭ በሰዓት 10,000 ብር ይሆናል። ስምንት ሻጮች በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ፣ ማለትም በ20 ሰዓት፣ 1,600,000 ብር ያጎድላሉ። አዲሱ ሥሪት በመጀመሪያ ለአንድ ሻጭ ብቻ ተሰጥቶ በአምስት ሰዓት ውስጥ ሒሳቡ ተመሳክሮ ቢሆን ኖሮ ግን ጉድለቱ 50,000 ብር ይሆን ነበር። ስሕተቱ ያው ነው፤ ጉዳቱ 32 ጊዜ ያንሳል።

ከአራቱ አንዱ እጅግ ከፍ ሲል ሌሎቹን ሊውጥ እንደሚችልም እናስተውል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ድርጅት አዲስ ሥሪት ሲለቅ ከስምንቱ ሰርቨሮቹ አንዱ ሳይታደስ ቀረ። በዚያ አንድ ሰርቨር ላይ የተረሳ አሮጌ ኮድ ነቅቶ ያለ ማቋረጥ መግዛትና መሸጥ ጀመረ። ስፋቱ ከስምንት አንድ፣ ጊዜውም 45 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ኪሣራው ግን ከ440 ሚሊዮን ዶላር አላነሰም፤ ይኸውም በየደቂቃው ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ ነው።

እንግዲህ ስለ አንድ መሣሪያ ሲነገረን መጠየቅ ያለብን፣ «ከአራቱ ቁጥሮች የትኛውን ይቀንሳል?» ብለን ነው።

ማኅደር፦ በአንድ ማእከል ወይስ በየእጁ?

የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች የፕሮግራምን ታሪክ የሚጠብቁ የሥሪት ማኅደሮች ናቸው። የሚቀንሱትም ጊዜን ነው፤ ደኅናው ሥሪት የቱ እንደ ነበር በቅጽበት ያሳያሉና።

እኛም ለዶክትሬት ዲግሪ በውጭ አገር በምንማርበት ዘመን ይህን በራሳችን ላይ አይተነዋል። የስሌት ፕሮግራማችንን «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ ሁለት»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» በሚሉ ፋይሎች እናስቀምጥ ነበር። አንድ ቀን የቤተ ሙከራው መምህራን በጽሑፋችን ውስጥ ያለውን አንድ ግራፍ ደግመን እንድናወጣ ጠየቁን። ግራፉን ያወጣው ከፋይሎቹ የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት ባለመቻላችን የብዙ ሳምንት ሥራ እንደገና ሠራን። በቤተ ሙከራ ደብተር ላይ ስሕተትን መፋቅ የተከለከለ መሆኑን፣ በአንድ መሥመር ተሠርዞ ቀን እንደሚጻፍበት ለተማሪ የምናስተምር ሰዎች፣ ለኮምፒውተሩ ሥራ ግን ደብተር አልነበረንም።

ያ ደብተር ከተፈጠረ ቆይቷል። ማርክ ሮችካይንድ በቤል ላቦራቶሪ የመጀመሪያውን የሥሪት መቆጣጠሪያ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በ1986 የተጀመረው ሲቪኤስና በ2000 የተጀመረው ሰብቨርዥን በማእከላዊነት የታወቁ ናቸው። ታሪኩ በሙሉ በአንድ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ሠራተኛው የሚሠራበትን ሥሪት ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ያወርዳል፤ ለውጡን ለመመዝገብም ሰርቨሩን ማግኘት አለበት።

በ2005 ሌላ መንገድ ተከፈተ። የሊኑክስ አዘጋጆች እስከዚያ ድረስ ቢትኪፐር በተባለ የአንድ ኩባንያ መሣሪያ በነጻ ይጠቀሙ ነበር። ኩባንያው ነጻ ፈቃዱን ሲያነሣ ሊኑስ ቶርቫልድስ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር የራሱን መሣሪያ ጽፎ ጊት አለው። በጊት እያንዳንዱ ሠራተኛ ሙሉውን ታሪክ በራሱ ኮምፒውተር ይይዛል። ለውጡን፣ በሙያው አነጋገር ኮሚቱን፣ ያለ ኔትወርክ ይመዘግባል፤ ኔትወርክ ሲገኝ ከባልንጀሮቹ ጋር ያስተካክላል። እያንዳንዱ ኮሚት ከይዘቱና ከቀዳሚው ኮሚት ተሰልቶ የሚወጣ መለያ አለው፤ በተለመደው አሠራር ይህ መለያ 40 ምልክቶች ያሉት ነው። በቀድሞው ታሪክ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትለወጥ መለያዎቹ ሁሉ ስለሚለወጡ፣ ያለፈውን በስውር ማስተካከል አይቻልም።

ሁለቱን ስናነጻጽር ሰብቨርዥን የራሱ ብልጫ አለው። ሥሪቶቹን 1፣ 2፣ 3 እያለ በተራ ስለሚቆጥር ለጀማሪ ቀላል ነው። እንደ ሥዕልና ቪድዮ ያሉትን፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሊያርሟቸው የማይገቡ ከባድ ፋይሎችን፣ በመቆለፍ ይጠብቃል። የኮድ ጽሑፍን በተመለከተ ግን በእኛ አገር ሁኔታ ሚዛኑ ወደ ጊት ያደላል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። ሰርቨሩ በውጭ አገር የሚገኝ የሰብቨርዥን ተጠቃሚ በእነዚያ ሳምንታት አንድም ለውጥ መመዝገብ አይችልም ነበር። የጊት ተጠቃሚ ሥራውን ይቀጥላል፤ ሲያስፈልገውም ታሪኩን በፍላሽ ዲስክ ገልብጦ ለባልንጀራው ይሰጣል። መብራት በጠፋ ጊዜም ባትሪ ያለው ላፕቶፕ እስከሠራ ድረስ ማኅደሩ ከእጁ ነው።

የሥራ መዝገብ

ሁለተኛው ወገን «ምን ይሠራ? በማን? እስከ ምን ደረሰ?» የሚለውን የሚይዙ መሣሪያዎች ናቸው። እነዚህ ዕድልን ይቀንሳሉ፤ አንድ ሻጭ በቃል የነገረን ችግር ተረስቶ እንዳይቀር ያደርጋሉና።

በዚህ ረገድ ጂራ፣ ሬድማይንና ከጊትሃብ ጋር የሚመጣው መዝገብ በብዛት ይታወቃሉ። ጂራ የአውስትራሊያው የአትላሲያን ኩባንያ ሥራ ሲሆን፣ ብዙ ክፍል ላላቸው ትልልቅ ድርጅቶች የሚስማማ ሰፊ መሣሪያ ነው። በራስ ሰርቨር ላይ የሚተከለውን ዝቅተኛ ፈቃድ ግን ኩባንያው በ2021 መሸጥ አቁሟል፤ ድጋፉንም በ2024 አቋርጧል። ጥቂት አባላት ላሉት ቡድን በኢንተርኔት የሚገኝ ነጻ አገልግሎት አለው፤ ከዚያ ያለፈ ግን ክፍያው በዶላር ነው። በ2006 የወጣው ሬድማይን መልኩ ያረጀ ቢመስልም ነጻ ነው፤ በጓዳ ባለ ኮምፒውተር ላይ ተተክሎ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የጊትሃብ መዝገብ ከኮዱ ጋር በአንድ ስፍራ ስለሆነ ምቹ ነው፤ የሚሠራው ግን ኢንተርኔት ሲኖር ብቻ ነው።

ለሁለት ሰዎች ቡድን ከእነዚህ ውስጥ የትኛውም ይበቃል። ዋናው ነገር ኮሚት ሁሉ የመዝገብ ቁጥር ማንሣቱ ነው። «ቁጥር 14፦ ኔትወርክ ሲቋረጥ ክፍያ ይጠፋል» ተብሎ ከተመዘገበ፣ ከወራት በኋላ ያ የኮድ መሥመር ለምን እንደ ተጻፈ ማወቅ ይቻላል።

የማይሰለቸው ፈታሽ

ሦስተኛው ወገን በየኮሚቱ ፕሮግራሙን እየገነባ በራሱ የሚፈትን ማሽን ነው። ዕድልን ከሁሉ በላይ የሚቀንሰው ይህ ነው። ሰው አንድን ፍተሻ ሃያ ጊዜ ደግሞ በሃያ አንደኛው ይሰለቻል፤ ማሽኑ አይሰለችም።

ጄንኪንስ ሀድሰን ይባል የነበረና በ2011 አዲስ ስም የወሰደ ነጻ መሣሪያ ነው። በራስ ኮምፒውተር ላይ ይተከላል፤ የማይሠራው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ብዙ ተቀጥላ ስላለው እንክብካቤ ይፈልጋል። የጊትላብ ፈታሽ ከማኅደሩ ጋር ተዋሕዶ ስለሚመጣ ለማዋቀር ይቀላል፤ ሙሉውን ጊትላብ ለመትከል ግን ጠንከር ያለ ማሽን ያስፈልጋል። ጊትሃብ አክሽንስ ምንም መትከል አይጠይቅም፤ የሚሠራው በኩባንያው ኮምፒውተሮች ላይ በመሆኑ ግን በኢንተርኔት ላይ ጥገኛ ነው።

ይሁን እንጂ ፈታሹ የሚያውቀው እኛ የጠየቅነውን ብቻ ነው። የአብነቱ ፕሮግራም ሺህ ፍተሻ አልፎ «ኔትወርክ በመሐል ቢቋረጥስ?» የሚል አንድ ጥያቄ ባይኖርበት ስሕተቱ ያመልጣል። ከሌላ አገር የተገለበጠ የፍተሻ ዝርዝር ይህን አይጠይቅልንም። የዘመን መለወጫን በሚመለከት 13ኛ ወር መኖሩን፣ ጳጉሜን አንዳንዴ 5 አንዳንዴ 6 ቀን መሆኗን አይጠይቅልንም። የደንበኛ ስም ሲፈለግ «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» አንድ ሰው ሊሆኑ እንደሚችሉም አያውቅም። እነዚህን የሚያውቀው የአገሩ ፕሮግራም ጸሐፊ ነው፤ መጻፍም የሱ ፋንታ ነው።

አለቃቀቅ፦ ጥቂት በጥቂት

አራተኛው ሥራ አዲሱን ሥሪት ለተጠቃሚ ማድረስ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ቁጥሮች በእጃችን ናቸው፤ ስፋትና ጊዜ።

ስፋትን የምንቀንሰው ሥሪቱን በመጀመሪያ ለጥቂቶች በመስጠት ነው። ለአንድሮይድ ስልክ ፕሮግራሞች ጉግል ፕሌይ አዲስ ሥሪትን ለተወሰነ መቶኛ ብቻ እንድንለቅና ችግር ሲታይ ሥርጭቱን እንድንገታ ይፈቅዳል። ሆኖም በስልኩ ላይ የተጫነውን ወደ ኋላ አይመልስም፤ የተስተካከለ አዲስ ሥሪት መላክ ያስፈልጋል። በራሳችን ሰርቨር ላይ ለሚሠራው ክፍል በ2013 የወጣው ዶከር ይጠቅማል። ፕሮግራሙን ከነሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በአንድ ጥቅል ስለሚያሽግ፣ አሮጌውን ጥቅል መልሶ ማስነሣት የደቂቃ ሥራ ይሆናል። የናይት ካፒታል ታሪክ እንደሚያስተምረውም ሥሪቱ በየማሽኑ መድረሱን በዓይን ከመቁጠር ይልቅ ማሽን ራሱ ቆጥሮ ቢያረጋግጥ ይሻላል።

ቀኑንና ሰዓቱን መምረጥም ዋጋ አያስከፍልም። ለበዓል ዋዜማ፣ ገበያው ሲደራ የተለቀቀ ሥሪት በስሌታችን ውስጥ ፍጥነትን ከፍ ያደርጋል። ማታ ለቅቆ ወደ ቤት መሄድ ደግሞ ጊዜን ያረዝማል።

የማይመለሰው

እስከ አሁን ስለ መመለስ ስንናገር ኮዱን ማለታችን ነበር። በዚህ ስፍራ ግን ጥንቃቄ የሚሻ ልዩነት አለ። በብርጭቆ ውኃ ውስጥ የተንጠባጠበ ቀለም በራሱ ተሰብስቦ ጠብታ አይሆንም፤ በፊዚክስ እንዲህ ያሉትን ሂደቶች የማይቀለበሱ እንላቸዋለን። ኮድን ወደ ትናንቱ መመለስ ይቻላል። በተሳሳተው ኮድ የወጣ ገንዘብ፣ የተጻፈ መዝገብ፣ የተሰጠ ደረሰኝ ግን ከኮዱ ጋር አይመለስም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ገንዘቡን ለማስመለስ ማስታወቂያና ብዙ ድካም ያስፈለገው ለዚህ ነው።

የመሣሪያ ሠሪዎቹም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 አንድ የጊትላብ ባለሙያ ችግር ሲያስተካክል በስሕተት በሥራ ላይ የነበረውን የመረጃ ቋት አጠፋው። ኩባንያው የነበሩት የመጠባበቂያ ዘዴዎች እንደታሰበው ሳይሠሩ ቀርተው የስድስት ሰዓት ያህል መረጃ ጠፋ። በጊት የተያዘው ኮድ አልተነካም፤ የጠፋው ከጊት ውጪ በመረጃ ቋቱ ውስጥ የነበረው ነው። ተሞክሮ ያልታየ መጠባበቂያ እንደሌለ ይቆጠራል የሚለው ምክር እውነትነት እዚህ ላይ ይታያል።

ለአብነቱ መደብር መፍትሔው ከሒሳብ ሠራተኞች ልማድ ይገኛል። ፕሮግራሙ የዕዳውን ድምር እየሠረዘ መጻፍ የለበትም፤ እያንዳንዱን ክፍያ በየራሱ መሥመር ይመዝግብ፣ ድምሩ ከመሥመሮቹ ይሰላ። እያንዳንዱ ክፍያ ገና ከስልኩ ሲወጣ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠው፤ ያው ቁጥር ሁለት ጊዜ ቢደርስ ኮምፒውተሩ ሁለተኛውን አይቆጥረውም። የተሳሳተ መሥመርም ሳይፋቅ በሌላ መሥመር ይታረም።

እንግዲህ የቱን እንምረጥ?

ለሁለት ወጣቶችና ለአንድ መደብር የምንመክረው የሚከተለውን ነው። ለማኅደር ጊት ይሁን፤ ከሁለቱ ላፕቶፖች በተጨማሪ አንድ ቅጂ በጓዳው ኮምፒውተር፣ አንድ ቅጂ በጊትሃብ ላይ ይቀመጥ። ጊትሃብ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የግል ማኅደርን ለማንኛውም ብዛት ላለው ቡድን በነጻ ይሰጣል። በጓዳው ኮምፒውተር ላይ ጊቲ የተባለውን ነጻ መሣሪያ መትከል ይቻላል፤ አነስተኛ ማሽን ይበቃዋል፣ የሥራ መዝገብም አብሮት ይመጣል። ለፍተሻ በመጀመሪያ ጊትሃብ አክሽንስ ይበቃል፤ ጄንኪንስን ሥራው ሲሰፋ ማሰብ ይቻላል። አለቃቀቁ ከአንድ ሻጭ ይጀምር፣ በዚያው ቀን ሒሳቡ ይመሳከር። ቡድኑ ወደ ሃምሳ ሰው ቢያድግ ምርጫው ሊለወጥ ይችላል፤ አራቱ ቁጥሮች ግን አይለወጡም።

ተማሪዎች እነዚህን መሣሪያዎች ለማየት ሥራ እስኪይዙ መጠበቅ የለባቸውም። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ የተመሠረተበት ሞሲፕ የተባለው ሥርዓት ኮዱ በጊትሃብ ለማንም ክፍት ነው፤ በኪማን ፕሮግራም የምንጠቀምባቸው የአማርኛ ፊደል ገበታዎችም እንዲሁ። ማን፣ መቼ፣ ለምን ምን እንደ ለወጠ መሥመር በመሥመር ማንበብ ይቻላል። የመመረቂያ ሥራውን በጊት የጀመረ ተማሪም እኛ ያጣነውን ግራፍ አያጣም።

ወደ ባለቤቱ ጥያቄ እንመለስ። መልሱ ሦስት ክፍል አለው። ኮዱ፣ ማኅደር ካለ፣ በደቂቃዎች ይመለሳል። መዝገቡ፣ እያንዳንዱ ክፍያ በየመሥመሩ ከተጻፈ፣ በአንድ ሌሊት ሥራ ይታረማል። «ዕዳህ አልቋል» የሚል ደረሰኝ ይዞ ወደ አገሩ የተመለሰው ደንበኛ ግን በየትኛውም መሣሪያ አይመለስም፤ ስልክ ተደውሎለት፣ ይቅርታ ተጠይቆ፣ በእምነቱ ብቻ ይመለሳል። ስለዚህ ከመልቀቃችን በፊት በየጊዜው ልንጠይቀው የሚገባን ይህን ነው፤ ይህ ሥሪት ቢሳሳት ለስንት ሰው ስልክ መደወል ይኖርብናል?